የአያ ፈንታ ሆድና የሞጣ መንገድ

እናቴ ከሆሳዕና በደወለች ቁጥር «ያለህበት አገር ምን ይመስላል?» ትለኛለች። የሰፈሩም ሰው በእሷ በኩል ይጠይቀኛል። ብቸና ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ጥቁር አፈሩ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሰዉ አነጋገር ብዙ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር። አሁን የምጽፈው ግን ስለ አንድ ጉዞ ብቻ ነው። በጥር ወር ከብቸና ሞጣ ሄጄ ተመለስኩ። ስሄድ አያ ፈንታ ከጎኔ ተቀምጠው ያሾፉብኝ ነበር። ስመለስም አብረውኝ ነበሩ፤ ከሚኒባሱ ወለል ላይ በጋቢያቸው ተጠቅልለው።

ነገርን ከመነሻው ማስረዳት እወዳለሁና ከመነሻው ልጀምር።

አያ ፈንታ የቤት አከራዬ ናቸው። «አያ» በዚህ አገር ለታላቅ ወንድም፣ አባት ለሚሆንም ሰው የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ዕድሜያቸውን ጤፍ ሲያርሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መሬቱን ለልጆቻቸው ትተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩ ጋር ከተማ ገብተዋል። የታወቁት ግን በእርሻ አይደለም፤ በሽምግልና ነው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ደም የተቃባ ዘመድ፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው።

እኔ ደግሞ ይታይሽን ወድጄ ነበር። ይታይሽ የሞጣ ልጅ ናት፤ እዚያው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የተዋወቅነው ብቸና ለልምምድ መጥታ ለትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ትምህርት በሰጠች ጊዜ ነው። ሽማግሌ አንድ ጊዜ ልኬ አባቷ አቶ አላምረው «የልጁን ዘር አላወቅነውም፤ እንጠይቅ» ብለው ቀጠሮ ሰጥተው መልሰዋል። የእኔ አባት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሆሳዕናም ሩቅ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ማን ይሂድልኝ ብዬ ስጨነቅ አያ ፈንታ ከዘራቸውን አንስተው «እኔ እያለሁ?» አሉኝ።

ከመነሳታችን በፊት ባለው ረቡዕ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፤ ነፋቸውም። ክሊኒክ ወሰድኳቸው። መርማሪዋ የሰጠቻቸው ኪኒን ቅልቅል የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው የአንጀትን ጡንቻ ያላላል፤ ቁርጠት የሚባለው ጡንቻው ሲኮማተር የሚሰማን ሕመም ነውና። ሁለተኛው ሆድ ውስጥ የታሰረውን የአየር አረፋ ይሰብራል። መርማሪዋ በቀን ከሦስት ፍሬ እንዳይበልጥ፣ አንዱን ከአንዱ አራርቀው እንዲወስዱ፣ ከሌላ ኪኒን ጋርም ሳይጠይቁ እንዳይደባልቁ ነገረቻቸው። አላልቶ የሚያስታግሰው መድኃኒት አንጀትን ብቻ መርጦ አይነካም። አፍ ያደርቃል፤ ዓይን ያደበዝዛል፤ ሽንት ለሚያስቸግረው ሽማግሌ ደግሞ ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። ከሁሉም በላይ አጥብቃ የነገረችን የመጨረሻውን ነው። ሆድ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ትውከት ከመጣ፣ ሰገራም አየርም መውጣቱን ካቆመ፣ ያ የጋዝ ሕመም አይደለም። አንጀት ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ኪኒኑን ትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ከዚያ ጠየቀቻቸው፤ ሽንት ያስቸግርዎታል ወይ፣ አየርስ በደንብ ይወጣል ወይ አለች። አያ ፈንታ ልጅቷን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ተራ የሚጠብቀውን ሰው አዩ።

«ይመስገን» አሉ።

ይህችን ቃል ማስረዳት አለብኝ። ደህና የሆነም፣ ያልሆነም «ይመስገን» ይላል። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ ለጠያቂው የተሰጠ መልስ አይደለም። ስለ ሆድ አየር ማውራት እኛም ዘንድ ነውር ነው፤ ነገር ግን ሆሳዕና አንድ ሽማግሌ ቢያንስ ለሚስቱ ሹክ ይላታል። እዚህ አገር በሰው ፊት አየር ካመለጠው ሰው ይልቅ እስር ቤት የገባ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል።

ዓርብ

ጠዋት ከመናኸሪያ ተነሳን። አያ ፈንታ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። እትዬ ጥሩ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡንና «ሆዱን አደራ፤ የሰው ቤት ነው የምትሄዱት» አሉኝ። እኔ ሕመሙን አደራ ያሉኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ድምፁን ነው ያሉኝ። የሽማግሌ ሆድ ሰው ቤት ገብቶ ቢጮህ፣ ከዚያም የባሰ ቢመጣ፣ ልጅቷም ትቀራለች፤ ስምም ይጠፋል።

ሚኒባሱ ከመውጣቱ በፊት ኪኒናቸውን ወስደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዓርብ አይደል እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፌ ምንም አይገባም።»

«መድኃኒት እኮ ምግብ አይደለም፣ አያ።»

«በውኃ አይደል የሚዋጠው? ጾሙ ሲፈታ የጠዋቱንም የቀኑንም አብሬ እወስደዋለሁ።»

የቀረን ኪኒን ከሌላው ጋር ደርቦ መውሰድ እንደማይገባ፣ ያለፈው እንዳለፈ ተቆጥሮ የሚቀጥለው ብቻ በሰዓቱ እንደሚወሰድ አስረዳኋቸው። ጾም ካለ ከመርማሪዋ ጋር ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደነበርም ጨመርኩ። አያ ፈንታ ወደ ተሳፋሪው ዘወር ብለው «ትምህርት ቤት ሲዘጋበት እኔን አስመዘገበኝ» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ከብቸና እስከ ደብረ ወርቅ ያለው አገር ሜዳ ነው። ጤፉ ታጭዶ ስለነበር ከአድማስ እስከ አድማስ ገለባ ብቻ ይታያል። የእኛ አገር ሰው እዚህ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያጣው ጥላ ነው። እኛ ዘንድ ቤት ሁሉ በእንሰት ታጥሮ ይቀመጣል፤ ሰውም ከቅጠሉ ሥር ይኖራል። እዚህ ቤቱ ከነባለቤቱ እንደ እህል በፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አያ ፈንታ ስለ እንሰት ስነግራቸው በጣም ይገርማቸው ነበር። «ታዲያ እናንተ ግንዱን ፍቃችሁ በላችሁት?» ይላሉ። «ዛፍ የሚበላ አማች ነው እንግዲህ የማቀርብላቸው።»

ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። አያ ፈንታ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ሲሉ ማሳው ላይ ገለባ የሚያነሳ ገበሬ አያቸው። ማንነታቸውን አልጠየቀም። ከሩቅ ከሚታየው ጎጆው በርጩማ በትከሻው ተሸክሞ አመጣላቸው፤ ጎማው እስኪቀየር ከፀሐዩ በኩል ቆሞ በጥላው ከለላቸው። እኔ በዚያች ሰዓት ይህን አገር ወደድኩት። ይህንንም የምጽፈው በኋላ የደረሰብን ነገር የሰውን ክፋት እንዳያስመስልብኝ ነው። በመንገዳችን ላይ አንድም ክፉ ሰው አላገኘንም።

ግንደወይን ስንደርስ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ለዛሬ ተዘግቷል ተባለ። ሆሳዕና መንገድ ሲዘጋ ሰው ይጮኻል፤ ሾፌር ይሰደባል። እዚህ ግን በዚህ ዘመን መንገድ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰዉ ዝም ብሎ ዕቃውን ያወርዳል።

እትዬ ውዴ የሚባሉ ሴት መኝታ ቤት አረፍን። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር አያ ፈንታ ሁለቱን ፍሬ አንድ ላይ ዋጡ፤ ልከለክላቸው ብሞክርም ቀደሙኝ። ቀጥለውም የባቄላ ሽሮ ቀረበ። ጥቂት ከበሉ በኋላ ቁርጠቱ ተነሣባቸው፤ ግንባራቸውን ላብ ወጣው። እትዬ ውዴ ደንግጠው ወደ ጓዳ ገቡና ከሣጥናቸው የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው መጡ። እሳቸውን ባለፈው ዓመት ያዳናቸው እሱ መሆኑን፣ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ለክፉ ቀን ብለው ማስቀመጣቸውን ነገሩን።

ማሸጊያውን ተቀብዬ በብርሃን አየሁት። ስሙ ከእኛው የተለየ ነው፤ ቀለሙም ሌላ ነው። በጀርባው በደቃቁ የተጻፈው የሁለቱ መድኃኒት ስም ግን ከአያ ፈንታው ኪኒን ጋር አንድ ነው። ፋብሪካው ይለያያል፤ መድኃኒቱ ያው ነው። ሁለቱንም ከዋጡ እጥፍ እንደወሰዱ እንደሚቆጠር ለሁለቱም በጥንቃቄ አብራራሁ። እትዬ ውዴ አንገታቸውን ደፉ። የሰጡት ነገር እንደተናቀባቸው ነው የቆጠሩት። አያ ፈንታም ይህን አዩ።

«ልጅ ነው፣ እቴ። አምጪው» ብለው ማሸጊያውን ተቀበሉና ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

ለወግ ያህል መስሎኝ ተውኩት። በበነጋታው በማሸጊያው ላይ የሁለት ፍሬ ቦታ ባዶ ነበር። ከአንዲት ደግ ሴት እጅ የተቀበሉትን ነገር ሳይቀምሱ ማስቀመጥ አልሆነላቸውም።

ቅዳሜ

ጠዋት ቁርጠቱ ጠፍቷል ብለው ደስ ብሏቸው ተነሡ። አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ይጣበቅ ነበር፤ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ ነበር። ሆዳቸውን በመቀነት አስረውታል። ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ ገብተው ቆይተው ሲመለሱ አየሁ። ሆድዎ እንዴት አደረ አልኳቸው። ይመስገን አሉ። ስለ አየሩ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ገና ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

«መምህር፣ አባትና ልጅ የማይነጋገሩት ነገር አለ» አሉኝ። ሳቅ እያሉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

መንገዱ ተከፈተና ሞጣ ገባን። ሞጣ ከብቸና ይልቅ የንግድ ከተማ ናት፤ ከአንዱ ወገን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ከሌላው ወገን የመስጊድ ሚናራ ይታያል። ያረፍነው ሐጂ ሰይድ ቤት ነው። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ እዚያው ሞጣ የኖሩ። ከአያ ፈንታ ጋር የተዋወቁት በወጣትነታቸው ገበያ ላይ ተጣልተው ነው ይባላል። እሑድ ወደ አቶ አላምረው ቤት የሚሄዱት ሽማግሌዎች እነሱ ሁለቱና አንድ የሰፈር ቄስ ነበሩ።

የሐጂ ቤት መስተንግዶ ይህን ጽሑፍ በሙሉ ሊይዘው ይችላል። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም። ስለዚህ ሐጂ ለእኛ ብለው በግ ገዝተው ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተው አሳርደዋል፤ ወጡም እዚያው ጎረቤት ቤት፣ በጎረቤት ድስት ተሠርቶ ነው የመጣው። እሳቸው ከአጠገባችን ተቀምጠው የራሳቸውን ሽሮ እየበሉ «ብሉ እንጂ፤ ለእኔ ሲባል እንኳ ብሉ» ይሉን ነበር። እንዲህ የተደከመበትን ገበታ «ሆዴን ነፍቶኛል» ብሎ የሚገፋ ሰው የለም። አያ ፈንታ ጎረሱ። አንዲት ጉርሻ ወደ አፋቸው ስትመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጧት።

ከሰዓት በኋላ ለይታይሽ ደወልኩ። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ የተደረበውን፣ ስሙ የተለያየውን፣ የደረቀውን አፍ ሁሉ። እሷ ብዙም አልቆየች።

«ከትናንት ወዲህ አየር ወጥቶላቸዋል? ይህን ብቻ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

እኔ ብጠይቃቸው መልሱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኩያቸውን ሐጂ ሰይድን ለመንኳቸው። ጥያቄውን በግልጽ ነገርኳቸው። ሐጂ ሳል እያሉ ገቡ። ጥቂት ቆይተው እየሳቁ ወጡ። «ደህና ነኝ ብሏል» አሉኝ።

«አየሩንስ ጠየቋቸው?»

«ደህና ነህ ወይ ብዬዋለሁ። ደህና የሆነ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው።»

ለይታይሽም «አዎ፣ ደህና ናቸው» ብዬ መለስኩላት። ጥያቄው ከእሷ አፍ ሲወጣ አንድ ነበር። ከእኔ ወደ ሐጂ፣ ከሐጂ ወደ አያ ፈንታ ሲደርስ ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የመጣውም መልስ ለሌላው ጥያቄ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም። አሁን ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንን ነው፤ ማስተማሩ ግን ለአያ ፈንታ ምንም አያደርግም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አያ ፈንታ ከበሩ ላይ ቆመው ሁለት ፍሬ ኪኒን አንድ ላይ ሲውጡ አየሁ። ሕመሙ ተመልሶባቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልተመለሰም አሉ፤ ሆዱ እንዳይጮህ ነው እንጂ። ልጅቷ በምትጠየቅበት ቀን ሆዴ አያሳፍርህም አሉ። ያን ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀጠሮው ይተላለፍ፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ቆርቆር አደረጉ።

«ሽማግሌው ቀጠሮ የሚያፈርስ ልጅ ምን ዘር አለው ይሉሃል» ብለው ሄዱ።

በዚህ አገር ሥርዓት ሽማግሌ ሲላክ ላኪው አብሮ አይገባም። እኔ በሐጂ ሱቅ ተቀምጬ ቀረሁ። እዚያ ቤት የሆነውን ሐጂና ይታይሽ በኋላ ነግረውኛል፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው።

ሽማግሌዎች ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ተቀመጡ ቢባሉም «መልስ ስናገኝ» ይላሉ። መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ተሸንፏል። ሦስቱም በአቶ አላምረው ቤት መሐል ቆሙ። አያ ፈንታ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ ደረታቸው ስበው፣ የልጁን ጠባይና ትምህርት፣ የብቸና ሰው እንዴት እንደሚወደው በሚያምር አነጋገር ተናገሩ። አቶ አላምረው ጨዋ ሰው ናቸው። ልጁ የተማረ መሆኑን እንደሰሙ፣ ሽማግሌዎቹንም እንደሚያከብሩ ተናገሩ።

«ዘሩን ግን ነገ ዘመድ ሲጠይቀኝ ማን ልበል?» አሉ።

አያ ፈንታ ቀና አሉ። «አባቱ እኔ ነኝ። ዘሩን ከእኔ ጀምራችሁ ቁጠሩ» አሉ።

ይታይሽ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበረች፤ ልጅ የምትጠየቅበት ቀን ከጓዳ አትወጣም። በመጋረጃው ቀዳዳ ግን አያ ፈንታን ታያቸው ነበር። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጋቢው ከሆዳቸው ላይ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስልክ ደወለችልኝ፤ በሹክሹክታ ነበር።

«አየር ወጥቶላቸዋል ብለኸኝ ነበር።»

«ደህና ነኝ ብለዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ አያ ፈንታ ፊት ቆማ፣ በአባቷና በሽማግሌዎቹ መሐል፣ ከዓርብ ወዲህ አየር ወጥቶልዎታል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ይመስገን፣ ልጄ።»

«ይመስገን አይደለም፣ አያ። ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

ወለሉን ያዩ ነበር። «አልወጣም» አሉ በመጨረሻ፤ ሐጂ ከአጠገባቸው ቆመው በጭንቅ ነው የሰሙት። ከዚያ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። አያ ፈንታ መልሱን ሳይሰሙ ተቀመጡ።

ስልኩ ሲዘጋ እኔም ከሱቁ ሮጬ ደርሼ ነበር፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። መንገድ ላይ ትውከት መጣ፤ ሲሸት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ አልጽፈውም። ሐኪሞቹ አላዘገዩም፤ በዚያው ቀን ሆዳቸው ተከፈተ። ሐኪሙ ሲወጣ ለእኔና ለይታይሽ በቀስታ አስረዳን። ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዟል። ደም ሳያገኝ በመቆየቱ ብዙው ክፍል ጠቁሮ ቆርጠው አውጥተውታል። ይህ በሽታ በደጋ ሽማግሌዎች ላይ ደጋግመው የሚያዩት ነው።

ኪኒኑ ነው ወይ የጠመዘዘው ብዬ ጠየቅኩት።

«አይደለም። ኪኒኑ ሕመሙን ዝም አሰኘባችሁ እንጂ። ዓርብ ብትመጡ ኖሮ ምናልባት ሳንከፍተው እንፈታው ነበር» አለ።

ይታይሽ በግድግዳው ተደግፋ ቆመች።

ሰኞ

ጠዋት ዓይናቸውን ገለጡ። ሐጂ ከአልጋው አጠገብ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሰግደው፣ እዚያው ቁጭ ብለው ነበር። ባለቤታቸው አጥሚት ይዘው መጥተው፣ አይፈቀድም ሲባሉ ለሌሎቹ በሽተኞች አስታማሚዎች አደሉት። እኛ አገር ታማሚ የሚጠየቀው በዘመዱ ነው። እዚህ ማንም የማያውቃቸው የሞጣ ሰዎች እየገቡ «እግዜር ይማርዎ» ብለው ይወጡ ነበር። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ለሆድ ጥሩ ነው ብላ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ትራሱ ሥር አስቀመጠች። አንሥቼ ለነርሷ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ አቶ አላምረው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አልጋው አጠገብ ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። የሽማግሌን ወግ ይዘው፣ እንደ ለማኝ ቆመው ነበር።

«ፈንታ፣ ልጄን ለልጅህ ሰጥቻለሁ» አሉ።

አያ ፈንታ ወደ እኔ አዩ። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አራስኩላቸው።

«ይመስገን» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ይመስገን ውስጥ እኔ ያመንኩት ይህን አንዱን ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ትኩሳት ተነሣባቸው፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ አረፉ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ

ሐጂ ሚኒባስ ለመኑልን። መንገዱ ክፍት ነበር። ስንሄድ ያቆመን መንገድ ስንመለስ አንድም ቦታ አላቆመንም። ግንደወይን ላይ እትዬ ውዴ ከበራቸው ወጥተው ሚኒባሱን አዩ፤ ማንን እንደያዝን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። «ያን ኪኒን ቀድሜ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ» ይሉ ነበር። የማስረዳት አቅም አልነበረኝም። የተሳሳቱትን እንኳ ማረም አልፈለግኩም።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ ማሳው ላይ ያ ገበሬ ይኖር እንደሆነ በመስኮት አየሁ። ገለባው ተነሥቷል። ሜዳው ባዶ ነው።

ብቸና ቀበርናቸው። ሥርዓተ ቀብሩ ላይ የተናገሩት ሁሉ የአያ ፈንታን ሽምግልና አነሡ። ምን ታመው ሞቱ ሲባል ዘመዶቻቸው «ድንገት ነው» ይላሉ። አንጀት ተጠምዝዞ ነው ብዬ አንድ ሁለት ሰው ላስረዳ ጀመርኩ። ሰዎቹ በትሕትና ሰምተው፣ እግዜር ያጽናህ ብለውኝ፣ ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። የሆድን ነገር በሐዘን ቤት ማንሣት ደግ አይደለም።

ሠልስቱ ከዋለ በኋላ እትዬ ጥሩን ልጠይቅ ገባሁ። ከሆስፒታሉ ያመጣሁላቸውን ልብስ አጣጥፈው ጨርሰው ነበር። በዚህ አገር የሟች ልብስ ለነፍሱ ተብሎ ለድሃ ይሰጣል። ጋቢው እዚያው ነበር። ጥቁሩን ኮት ግን አጣሁት፤ ኪሱ ውስጥ ሁለቱም ማሸጊያዎች፣ የክሊኒኩም የእትዬ ውዴም፣ ነበሩ። ሆስፒታል ሳለሁ ልጥላቸው አስቤ ከአስከሬናቸው ጋር ስዋከብ ረስቼው ነበር። ኮቱ የት ነው አልኳቸው።

«ለአያ ዘለቀ ሰጠሁት፤ ለነፍሱ ይሁነው» አሉኝ እትዬ ጥሩ። አያ ዘለቀ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ።

«ኪሱ ውስጥ የነበረውስ?»

«ኪኒኑን? እሱንም አብሬ። ያም ምስኪን ሰሞኑን ሆዴን ሆዴን ይላል አሉ። የፈንታ እጅ ነው፣ ያድነው ይሆናል።»

ወደ ወፍጮ ቤቱ እየሮጥኩ ሄድኩ። እህል የሚያስፈጩ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። አያ ዘለቀ በግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የአያ ፈንታ ኮት ሰፍቷቸዋል፤ ከኮቱ ሥር ሆዳቸውን በነጠላ አስረዋል። ፊታቸው ቆሜ ተነፈስኩ። የማውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳልጠመዝዝ፣ በሌላ ቃል ሳልለውጥ ጠየቅኳቸው። አየር ወጥቶልዎታል ወይ አልኳቸው።

ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

አያ ዘለቀ የኮቱን ጫፍና ጫፍ ስበው ሆዳቸው ላይ ገጠሙት።

«ይመስገን፣ መምህር» አሉኝ።